የትንሿን ትራክተር ሆድ ከጉዳት ለመጠበቅ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ሐሙስ፣ ዝናቡ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ
ቦታ፦ የማኅበሩ ትራክተር መጠለያ
የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ፤ ምክትላቸው (የእህታቸው ባል)፤ በያጁ፤ ባለ ተራዋ (የጸሐፊው አክስት)፤ ጸሐፊው (እኔ)

ለምልዓተ ጉባኤ ስድስት ሰው ያስፈልጋል። ምክትሉ የመጠለያው ኃላፊም በመሆናቸው ሁለት ጊዜ ተቆጥረው ተሟልቷል። ባርኔጣ ሲያደርጉ ኃላፊ፣ ሲያወልቁ ምክትል ነበሩ።

አጀንዳ አንድ፦ የጉዳቱ መንስኤ

ሊቀ መንበሩ ትራክተሯ ባለፈው ሳምንት ሆዷን ተመትታ የዘይት ቋቷ እንደተቀደደ፣ አሁን ግን እንደተጠገነ ገለጹ። ምን እንደመታት አልገለጹም። ባለ ተራዋ፣ "የእርስዎ ማሳ መሀል የተጎለተው ጉቶ ነዋ! አገር ያየውን!" አሉ። ሊቀ መንበሩም ጉቶው አባታቸው ከተከሉት ዛፍ የቀረ በመሆኑ እንዳይነካ፣ ስሙም በጉባኤው እንዳይነሳ አሳሰቡ።

ባለ ተራዋ ተራቸው ነገ መሆኑን፣ ነገ ካልታረሰላቸው የዘር ወቅት እንደሚያልፍባቸው፣ ጉቶውን ግን ሁለት ጎረምሳ እስከ ምሳ ሰዓት ነቅሎ እንደሚጥለው አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ መንስኤው "ያልታወቀ ጠንካራ ነገር" ተብሎ እንዲመዘገብ ተወሰነ። መዝግቤአለሁ፤ እጄ ግን አፍሯል።

አጀንዳ ሁለት፦ መከላከያ

በያጁ ከሆዷ ሥር አንድ ወፍራም ላሜራ በቡሎን ቢታሰር በቂ ነው አሉ። ሁሉም ተስማማ። ጉባኤው እዚህ ላይ ቢዘጋ ኖሮ ሰው እንባል ነበር።

ምክትሉ ግን፣ "ላሜራው ራሱ ቢቧጨርስ?" ሲሉ ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ጥያቄውን "የበሰለ" ብለውታል። ስለዚህ ከላሜራው ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ እንዲታሰር ተወሰነ። ጎማውን ጉቶው፣ ይቅርታ፣ ያልታወቀው ጠንካራ ነገር እንዳይቀደው ከሥሩ ጣውላ፣ ጣውላውም እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ ሌላ ላሜራ ተጨመረ። በያጁ፣ "ኧረ በሕግ አምላክ! ይቺ እኮ ትንሽ ትራክተር ናት፤ ሆዷ ከመሬት ስንት ይርቃልና ነው?" ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ምክትሉ አንድ ጊዜ ባርኔጣ አድርገው፣ አንድ ጊዜ አውልቀው እጃቸውን አውጥተዋል።

ትራክተሯ በክሪክ ተነስታ ሥራው እዚያው በጉባኤው ፊት ተከናወነ። ክሪኩ ሲወርድ ትራክተሯ በሆዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሞተሯ ሲነሳ የኋላ ጎማዎቿ አየር ላይ ተሽከረከሩ፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ምክትሉ ከእንግዲህ ምንም ነገር ከሥር ሊመታት እንደማይችል ጠቁመው አጨበጨቡ። ብቻቸውን ነው ያጨበጨቡት።

ባለ ተራዋ፣ "እናንተ ስትከላከሉ እኔ ጦሜን ልደር? ፍቱላት አልኩ!" ሲሉ ጮኹ። ሊቀ መንበሩ ቃሉ ለጉባኤው ክብር የማይመጥን ነው ብለው ተግሣጽ ሰጡ። በዚህ መሀል ዝናቡ መጣ። ባለ ተራዋ ቤታቸው ግቢ ውስጥ የተሰጣ ዘራቸውን ሊያነሱ እየሮጡ ወጡ።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ባለ ተራዋ ከወጡ በኋላ ጉባኤው ወዲያውኑ ሰላም አገኘ። ሊቀ መንበሩ መሬት ሲረጥብ ድንጋይና ጉቶ በጭቃ እንደሚሸፈን፣ በማን ማሳ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል በሰፊው አብራሩ። ምክትሉ የአደጋው ቦታ ከወዲሁ በትክክል የሚታወቅበት ማሳ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም የሊቀ መንበሩ እንደሆነ፣ እዚያ ያለ መከላከያም ማረስ እንደሚቻል አስታወሱ። በያጁ፣ "እንዴ! ጉቶው ታወቀ ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ። ይህን ብለውም ቡሎን መፍቻቸውን አነሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ላሜራው፣ ጎማው፣ ጣውላውና ሁለተኛው ላሜራ ተፈተው ትራክተሯ እንደነበረች ትሆናለች። ነገ የሊቀ መንበሩን ማሳ ታርሳለች። የባለ ተራዋ ተራ ወደ መጨረሻ ዞሯል።

ጉባኤው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተበተነ። ውሳኔውን ለባለ ተራዋ እንዲነግር ጸሐፊው በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። የምኖረው እሳቸው ቤት ነው፤ እራቴን የሚሰጡኝም እሳቸው ናቸው።