ቀጠሮ ያልያዙት ንጉሥ

ትናንት እንቅልፍ ይዞኝ ቢሄድ ያደረሰኝ ጎረቤቴ እማማ የሺመቤት በር ላይ ነው። ሰው በሕልሙ ባሕር ይሻገራል፤ የእኔ ሕልም ግን እንደኔው ሰፈሩን አይለቅም።

በሕልሜ የእማማ ዘበኛ ነበርኩ። እኔ አስካለ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት፣ ኮፍያዬን ደፍቼ በርጩማ ላይ ተሰይሜያለሁ። ከፊቴ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ዘውድ የጫኑ ነገሥታት፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ተዋናዮች፣ ስማቸው የገነነ ዘፋኞች፣ ሁሉም ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ተራ ሰው ለማየት ነው የመጡት። በአጥሩ ቀዳዳ እማማ ሽንኩርት ሲልጡ ያዩት ደግሞ፣ «በገዛ እጃቸው! በገዛ እጃቸው እኮ ነው!» እያሉ ይላቀሳሉ። ሰልፉን የምታስከብረው አንዲት በግ ነበረች። «አትገፋፉ፣ ክቡራን!» ትላለች።

መጀመሪያ አንድ ንጉሥ ቀረቡ።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«እኔ እኮ ንጉሥ ነኝ።»

«እሱንማ አየሁ፣ ዘውዱ ጆሮዎን አጥፎታል። ቀጠሮ አለዎት ወይ ነው ያልኩት።»

አልነበራቸውም። ቢሆንም አሳዘኑኝና አንድ ጥያቄ ከመለሱ ይግቡ አልኩ።

«ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ምን ያደርጋል?»

አሰቡ፤ አሰቡና፣ «ለሕዝቡ እጁን ያውለበልባል» አሉ።

«ይመለሱ።»

ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ሰልፉ ጅራት ሄዱ። ቀጥላ አንዲት ተዋናይ መጣች።

«ውሃ የሄደ ቀን ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውሃ ይሄዳል እንዴ?» ብላ ክው አለች። «ወዴት?»

እሷንም መለስኳት። ቀና ስል ስንዱን አየኋት።

ስንዱ የእማማ የሺመቤት ልጅ ናት። የእኔን ቤትና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ልጆች ሆነን እማማ ምሳ ሲያደርሱ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጉልኛል፤ እኔም እጄን ሳልታጠብ እሮጣለሁ። ኋላ ስንዱ ዘፋኝ ሆነች፣ አገር አወቃት። ለበዓል ሰው ትልካለች፣ ሰንጋም ትልካለች፤ እግሯ ግን ደጃችንን ከረገጠ ሰነበተ። እማማ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው በር ላይ ነው የሚውለው። መኪና በቆመ ቁጥር «ስንዱ ናት?» ይሉኛል። «መንገድ ተዘግቶባት ይሆናል፣ እማማ» እላለሁ። ያምኑኛል፤ ወይም ያመኑኝ ይመስላሉ።

በሕልሜ አብረቅራቂ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች።

«አስኩዬ፣ አስገቢኝ።»

«ቀጠሮ አለሽ?»

«እናቴ ናት እኮ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት። «እሺ፣ የእናትሽ በር እንዴት ነው የሚከፈተው?»

ያ የቆርቆሮ በር ብድግ አድርገው በዳሌ ካልገፉት ንቅንቅ አይልም። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከስንዱ ጋር ስንቴ ተጋፍተንበታል። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ብዙ አሰበች።

«ዘበኛው ነው የሚከፍተው» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሰልፉ ሁሉ ጀሪካኑን አወረደ። ንጉሡ እንኳ ከወዲያ ማዶ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። እኔ ሆዴ «ግቢ፣ ግቢ» ይላታል፤ በሩ ግን በሕልም ሕግ እኔንም አልሰማ አለ።

ያኔ ስንዱ እየሮጠች የእኔ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ከግድግዳው ሥር ቆማ ኳ ኳ አደረገች። እጇ ትንሽ ሆነ፤ ፊቷም የድሮው፣ አፍንጫው ያልተጠረገው ፊቷ ሆነ። ከወዲያ በኩል እማማ፣ «ምሳ ደርሷል፣ ኑ!» አሉ። ግድግዳው እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ስንዱ እጄን ያዘች፤ ልንገባ እግራችንን ስናነሳ

ኳ! ኳ! ኳ!

ነቃሁ። ነግቷል። ኳኳታው ግን አልቆመም፤ ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል። «መጣች!» ብዬ ዘለልኩ። ማታ ያፈላሁትን፣ ለእማማ ጠዋት ጠዋት የማደርስላቸውን አጥሚት ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሠራተኞች በሁለታችን ግድግዳ ላይ ብሎኬት ይደረድራሉ። የቆርቆሮው በር ተነቅሎ መሬት ተጋድሟል። በቦታው ጥቁር የብረት በር ቆሟል፤ በሩ ላይ ደግሞ አዲስ ኮፍያ ያደረገ ዘበኛ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስንዱ ለእናቷ ያሠራችላቸው ነው» አለኝ በትሕትና። «ሰው እንዳያስቸግራቸው።»

«እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ቁርሳቸውን ነው የያዝኩት።»

«ቀጠሮ አለዎት፣ እትዬ?»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬ ግን ቀደመው። ከብረቱ ወዲያ የእማማ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው? ስንዱ ናት?»

ዘበኛው ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን ልበላቸው?»

አጥሚቱን አቀበልኩት።

«መንገድ ተዘግቶባት ነው በላቸው።»