ጠያቂ ያመጣው አዮዲን

የእኛ አገር ሰው ሲታመም ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው መታመሙ ነው። ሁለተኛው ጠያቂ ማስተናገዱ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ የሚያውቀው የታመመ ብቻ ነው። ጤነኛማ ምን ቸገረው? ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ወንበር ይስባል፣ የጎረቤቱ አክስት በዚሁ በሽታ እንዴት አድርጋ እንደሞተች ይተርካል፣ ከዚያ "አይዞሽ፣ ያንቺ ቀላል ነው" ብሎ ይሄዳል። ታማሚው ግን ከትራሱ ቀና ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ "ዛሬስ ደህና ነኝ" ይላል፣ የመጣለትንም ነገር ይቀምሳል። ካልቀመሰ "ንቆብኝ ነው" ይባላላ!

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ "ሽማግሌው ውለታ ረስቷል" እንዳትሉኝ። ካምፓላ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ወባ ሲጥለኝ ስሜን እንኳ በቅጡ የማያውቁ የአገሬ ልጆች እየተፈራረቁ ባያስታምሙኝ፣ ዛሬ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ቅመም በጆንያ የሚያከፋፍል ሰው ባልሆንኩ። ውለታም ቢሆን እቆጥራለሁ። ጆንያ እቆጥራለሁ፣ ጣሳ እቆጥራለሁ፣ ለቅሶ ቤት የቀረውን ሰው ሳይቀር እቆጥራለሁ። የዛሬ ነገሬም የመጣው ከዚሁ አመሌ ነው። አንድ ማለዳ ማቀዝቀዣችን አናት ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች ስቆጥር፣ ባለቤቴን ማን ሊገድላት እንደሆነ ያየሁ መሰለኝ። ሁሉም ወዳጆቻችን ነበሩ።

ባለቤቴ የሺ ትባላለች። አንገቷ ላይ እንቅርት ካወጣች ቆይታለች፤ ሳያስቸግራት ስለኖረ እኛም ሳናስቸግረው ኖርን። ኋላ ግን ልቧ እንደ ተባረረ ፈረስ ይጋልብ ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ይልቅ ጠረጴዛው ይጠጣዋል። እየበላች ትከሳለች። ካንሳንጋ ሠፈር ካለው ቤታችን ደረጃ ወጥታ ስትደርስ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፤ ስትቆም እኔም በልቤ አብሬያት እቆማለሁ።

ሐኪሟ የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ስትናገር የማትቸኩል፣ ስታዳምጥ ዓይኗን የማትነቅል። "የአንገቷ ዕጢ ያለ ልክ እየሠራ ነው፣ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት" አለችን። ከዚያ በፊት ግን ዕጢው መረጋጋት ነበረበት። ለአሁኑ የማረጋጊያ ክኒን ትወስዳለች። የኦፕራሲዮኑ ቀን ሲቃረብ ደግሞ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት ቀናት የአዮዲን ጠብታ ይታዘዝላታል፤ ዕጢው ሲቆረጥ ደም እንዳያበዛ ይረዳል። "እኔ ጀምሪ ሳልላት አዮዲን እንዳትነካ" ብላ ጣቷን አነሣች።

እኔም ይህንኑ ለአገር ልጆች ማኅበራችን ሰዎች ልናገር ተነሣሁ። "አዮዲን ይታዘዝላታል ተብሏል" አልኩ። "ገና ነው፣ አሁን እንዳትነካ" የምትለዋን ግን የሚሰማኝ አጣሁ፤ አዮዲን የምትለዋ ቃል ከአፌ እንደ ወጣች ሁሉም ተናጋሪ ሆነ። ደግሞስ እንቅርትና አዮዲንን የማያውቅ ማን አለ? አገር ቤት እንቅርት ካዩ "የጨው ነገር ነው" ሲባል ሰምተን አድገናል። ለብዙ ሰው እንቅርት እውነትም ነው። የየሺ እንቅርት ግን ሌላ ዓይነት መሆኑን የሚያዳምጥ አልተገኘም።

ጥየቃው ተጀመረ። ብርቱካን የያዘ አልነበረም።

መጀመሪያ ዘነቡ መጣች። ዘነቡ ከፎቃችን ሥር ምግብ ቤት አላት፤ እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም ስለምታቀላጥፈው የሠፈራችን ሕመምተኛ ሁሉ አስተርጓሚ እሷ ናት። ከባሕር ሣር የተሠራ ነው የተባለ ክኒን አመጣች። ቀጥላ አየር መንገድ ትኬት ቢሮ የምትሠራው ሳምራዊት ከውጭ ያስመጣችውን የአዮዲን እንክብል ይዛ መጣች፤ ጠርሙሱ ላይ የሚሮጥ ሰው ሥዕል ነበረበት። በመጨረሻ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ የሆነው ኃይሌ፣ ከሥራ ቦታው የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ቡናማ ጠርሙስ አምጥቶ "አዮዲን አዮዲን ነው" ብሎ አስቀመጠ። የቁስል መቀቢያ ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ የረሳው፣ ሃምሳው ሰው ሎሚውን አንዲት በሽተኛ ላይ ሲጭነው ምን እንደምትሆን ነው።

እንግዲህ ያን ማለዳ ስቆጥር ጠርሙሶቹ አልጠፉም። ሁሉም ግን ጎድለዋል። ከአንዱ ብዙ ቢጎድል ወደደችው እላለሁ። እነዚህ የጎደሉት እኩል ነው።

"የሺ፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚወስደው?"

"ማን ይወስደዋል፣ እኔ ነኛ!"

"ዶክተሯ እንዳትነኪ አላለችሽም?"

"አልነካሁም፤ ቀመስኩ እንጂ።"

"ከየትኛው?"

"ከሁሉም ነዋ! ማንን ላስቀይም? ሳምሪ በመጣች ቁጥር ጠርሙሱን አንሥታ ትነቀንቀዋለች። እትዬ ዘነቡ ደግሞ 'እንዴት አገኘሽው?' ትለኛለች፤ ውሸቴን 'ጥሩ ነው' ልበላት?"

ሳትወስድ ዋሽታ "ወሰድኩ" ከማለት፣ ወስዳ እውነት መናገር ይሻላል ብላ ነው። አያችሁ፣ ሰው ከሐቀኝነቱ የተነሣም ይሞታል።

"የኃይሌንስ?" አልኳት እየፈራሁ።

"እሱንማ አልጠጣሁም፤ ጭራሽ ሞኝ አደረግኸኝ?" አለችና ሻርፗን ገለጥ አደረገችው። "ቀባሁት።"

አንገቷ ሻይ የፈላበት ድስት መስሏል።

ወደ ሐኪሟ የምንሄድበት ቀጠሮ በማግሥቱ ነበር። የኦፕራሲዮኑ ቀን ተቆርጧል፤ ጠብታው የሚታዘዘው ያን ዕለት ነው። አሁን በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ብናገር ኦፕራሲዮኑ ይተላለፋል፤ ያቺ ልብ ደግሞ እስከ መቼ ትጋልባለች? ባልናገር ቢላዋ ሥር ልትሞትብኝ ነው። የሺ በበኩሏ ለምናኛለች። "እትዬ ዘነቡ ፊት እንዳታዋርደኝ" አለችኝ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ቀጠሮ የምትተረጉምልን ዘነቡ ናት።

ሐኪሟ የየሺን እጅ ይዛ ሰዓቷን አየች። ቀጥላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ የራሷ የተሳሳተ መስሏት ይመስለኛል። ከዚያ ሻርፑን ፈታችው።

"ከእኔ መድኃኒት ሌላ የወሰደችው ነገር አለ?"

ዘነቡ ወደ አማርኛ መለሰችው። አንድም ቃል አላጎደለችም፤ ድምፅዋ ብቻ ቀጠነ። የሺ ዘነቡን አየቻት። ዘነቡም የሺን አየቻት።

"ኧረ ምንም የለም በያት" አለች የሺ።

ዘነቡም "ምንም የለም" አለች።

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። እውነቱን የማታውቀው ሐኪሟ ብቻ ነበረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ መድኃኒቱን የደበቀስ? የሺ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች፤ የአንገቷ ሥር ሲዘል ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ሐኪሟ ብዕሯን አነሣች። ያ ብዕር ወረቀቱን ከነካ በኋላ የምናገረው ምንም እንደማይፈይድ ገባኝ።

"ዶክተር፣ ወስዳለች" አልኩ በኪኩቦ እንግሊዝኛዬ። "ብዙ ወስዳለች። ከብዙ ሰው።"

"ጋሼ!" ብላ ዘነቡ ከወንበሯ ብድግ አለች። ቀጥላ ወደ ሐኪሟ ዞራ በጠራ እንግሊዝኛ "የእኔን ብቻ እኮ አይደለም!" አለቻት።

ሐኪሟ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። ብዕሯን አስቀመጠችና አስረዳችን። አዮዲን ለእንዲህ ያለ ዕጢ እንደ አዲስ ዘበኛ ነው፤ በተቀጠረ ሰሞን ሌባው ይፈራዋል፣ ጸጥ ይላል። ሲቆይ ይለማመዱና አብረው መስረቅ ይጀምራሉ። ለዚህ ነው ኦፕራሲዮኑ ደጃፍ ላይ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚሰጠው። ቀድሞ፣ ያውም ያለ ልክ ከተወሰደ ግን ዕጢውን ያባብሰዋል። "እንዲህ ሆና አደንዝዣት ልቧ ቢፈረጥጥ መልሼ ላልይዘው እችላለሁ" አለች።

"ምን አለች?" አለች የሺ።

ዘነቡ እያለቀሰች ተረጎመችላት። የራሷንም ክኒን ስም ጠርታ ተረጎመች። እንደዚያ ቀን ሳከብራት ትዝ አይለኝም።

ደም ተመረመረ፤ የፈራነው ሆኖ ተገኘ። ኦፕራሲዮኑ ተላለፈ፣ ክኒኑ ተጨመረ። ጠርሙሶቹን ለቃቅሜ ከቤት አወጣሁ። ወሬው በሠፈሩ ሲደርስ ከተወቃሾቹ ጥፋተኛ የሆነ አልተገኘም። ሳምራዊት "የኔማ ኦሪጅናል ነው፣ የሌሎቹ ይሆናል እንጂ" አለች። ኃይሌ ደውሎ "ጋሼ፣ የኔ እኮ የሚቀባ ነው፤ በምን ይገባል?" አለኝ። የሚጠረጠር ሰው ጠፍቶ ጥፋቱ ምስጢር ያወጣሁት የእኔ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ያ የጥበቃ ጊዜ ለጠላትም አይስጥ። ሱቅ ተቀምጬ የምሰማው የየሺን ልብ ነው። ስልክ ሲጮህ እጄ ጆንያ ላይ ይቀራል። ቀስ በቀስ ግን መንቀጥቀጧ ታገሠ፤ ሻዩ ወደ ብርጭቆው ተመለሰ። በመጨረሻ ሐኪሟ "አሁን" አለችና ያን ቡናማ ጠብታ አዘዘች። የሺ በውኃ በጥብጣ ፊቷን አጨማድዳ ጠጣችው። የታዘዘው ቀን እስኪሞላ ሌላ አዮዲን በደጃችን እንዳያልፍ ሱቄን ለሠራተኛ ትቼ ከበር ላይ አልተነሣሁም።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ከበሩ ውጭ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ቀድማ አስጠንቅቃኛለች፤ ከዕጢው ጎን የድምፅ ነርቭ ያልፋል፣ ትጠነቀቃለች እንጂ ዋስትና የለም። የወለሉን ንጣፍ መቁጠር ጀመርኩ፤ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ ጠፋብኝ። ቆጠራ ሲጠፋብኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የሺ ድምፅ ከሌላት ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ እያልኩ፣ ስትጠራኝ ሰምቼ እንዳልሰማ ያለፍኩባቸውን ቀኖች አሰብኩ።

"ምዜ" አለች ሐኪሟ ብቅ ብላ፤ እዚህ አገር ሽማግሌ የሚከበርበት ስም ነው። "በደህና ወጥቷል። ና፣ አናግራት።"

የሺ አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ሐኪሟ "አንድ ነገር ተናገሪ" አለቻት፤ ተረጎምኩላት። የሺ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም።

ከዚያ በጎረነነ ድምፅ "ይሄ ትራስ አይመችም" አለች።

አልቅሼ ትራሱን ቀየርኩላት። ከተጋባን ጀምሮ የሺ አንድ ነገር "አይመችም" ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

በማግሥቱ ጠያቂው ጎረፈ። ደግሞ ማመን ያቅታችኋል፤ ሳምራዊት አዲስ ጠርሙስ ይዛለች። "ይሄኛው ከኦፕራሲዮን በኋላ ለማገገሚያ ነው" አለች። ሐኪሟ በዚያ ስታልፍ ጠርሙሱን አይታ ቆመችና አስረዳች። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ አዮዲን መኖው ነበር፤ ላሟ ከተሸጠች በኋላ ወደ በረቱ ድርቆሽ ማመላለስ ምን ይረባል? ከእንግዲህ የዕጢውን ሥራ የሚተካላት በየማለዳው በባዶ ሆድ የምትወስዳት አንዲት ክኒን ናት፤ እሷንም ዕድሜ ልክ።

ሳምራዊት ግን ጠርሙሱን አልመለሰችም። ኮሞዲኖው ላይ አኖረችና "ለማንኛውም ይቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽ ቅመሺው" አለች።

"አልቀምስም" አለች የሺ። "ይዘሽው ሂጂ፣ የኔ ቆንጆ።"

ሳምራዊት ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጣሪያው አልወደቀም። እኔም ሐኪሟ ዕጢውን ስታወጣ ይሉኝታዋንም አብራ ቆርጣ ያወጣችው መሰለኝና ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ምስጋናዬ ቸኩሎ ነበር።

የሺ ቤት ገባች፤ ልቧ ልብ ሆነላት፣ ክኒኗን በማለዳ ትወስዳለች። ትናንት ከኪኩቦ ስመለስ እንደ ልማዴ አንድ ትልቅ የማቶኬ ዘለላ፣ እዚህ አገር ቀቅለው የሚበሉት ጥሬ ሙዝ፣ በቦዳ ሞተር ብስክሌት አስጭኜ መጣሁ። ማቶኬ የምገዛው ቋሚ ደንበኛ ስለሆንኩ ከሻጩ ጋር ተስማምቼ ነው፤ የሺም ስትወደው ነው የኖረችው። ወጥ ቤት ደጃፍ አስቀምጬ "ይኸው የምትወጂው" አልኳት።

"አልወደውም።"

"ዛሬ ነው?"

"ዛሬም፣ አምናም፣ እዚህ አገር ከገባንም ጀምሮ። አንተ ደስ እንዲልህ ነው የበላሁት። ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ።"

ለካ ያ ሲያናድደኝ የኖረው ይሉኝታዋ ከጠያቂ ሁሉ አብልጦ ሲያገለግል የኖረው እኔን ነው። ሌላስ ምን ይሆን ለእኔ ብላ የዋጠችው? ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩና መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት።

ማቶኬው አሁንም ደጃፉ ላይ ነው፤ እየበሰለ ነው። ዛሬ ለዘነቡ ልሰጣት አስቤያለሁ። እሷ ለእኔ እምቢ ማለት አትችልም።