ለእማዬ ሸክላ ማጫወቻ የሚሆን ቦታ

(የልብስ ሰፊ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የጣውላ ወለል። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ የክር መደርደሪያ፣ አንድ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስና ትራስ ታጥፎ ተቀምጧል። የመኝታ ክፍሉ በር ዝግ ነው። ልብስ ሰፊውን ዘመድ ሁሉ «ፈዜ» ይለዋል። ታላቅ ወንድሙ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነው፤ እሱን «ሊቁ» ይሉታል። ሊቁ ውሃ ልክ ይዟል። ፈዜ የእናታቸውን ሸክላ ማጫወቻ አቅፎ ቆሟል።)

ሊቁ፦ ፍሪጅ ላይ አይሆንም አልኩህ!

ፈዜ፦ ለምን፣ ጋሼ? ከፍ ያለ ነው። የሚነካካውም የለም።

ሊቁ፦ ፍሪጅ ሞተር አለው። ሞተር ይነዝራል። መርፌው ንዝረቱን ይለቅማል። ከዘፈኑ ሥር «እምምም» የሚል ትሰማለህ።

ፈዜ፦ እማዬ «ተቀባይ ጨመሩበት» ብላ ብትደሰትስ?

ሊቁ፦ እኔ እኮ አንዳንዴ ከአንድ እናት መወለዳችንን እጠራጠራለሁ።

ፈዜ፦ ጠይቃታ። እዚያ ውስጥ ዓይኗን ከድና ጋደም ብላለች።

ሊቁ፦ ቀስ በል! ሳትነሳ መጨረስ አለብን። ያለችውን ረሳኸው?

ፈዜ፦ ምን አለች?

ሊቁ፦ «ከእንግዲህ የምኖረው ማጫወቻዬ ደህና ቦታ ባገኘበት ልጄ ቤት ነው» አላለችም? እዚህ ደህና ቦታ ከተገኘ እዚህ ትቀራለች። አለቀ።

ፈዜ፦ ካልተገኘስ?

ሊቁ፦ ይገኛል። እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?

ፈዜ፦ የምጠይቅህ እኮ፣ እሷ ከመጣች ወዲህ አልጋዬን ለቅቄ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስለምተኛ ነው። ባለፈው አንዱ ደንበኛ በጠዋት መጥቶ «ካፖርቴ አለቀ?» ብሎ በኮሌታዬ ጎተተኝ።

ሊቁ፦ ጠንካራ መኝታ ለወገብ ጥሩ ነው። ኧረ ቀስ! ማጫወቻ እንዲህ አይያዝም! ወዲህ በለው። ይህን ዕቃ መሸከም ያለበት የሚያውቅ ሰው ነው። (ይቀበለዋል። ፊቱ ይቀላል።) እ… እንዲህ ነው የሚያዘው። አየህ? በል መልሰህ ያዘው።

ፈዜ፦ (ተቀብሎ) ስፒከሩ ላይ ብናስቀምጠውስ? ድምፁ ሩቅ ሳይሄድ እዚያው በዚያው ይወጣል።

ሊቁ፦ ሥጋውን ለጅብ አደራ ስጥ በለኛ! ስፒከሩ የተፋውን መርፌው ይለቅመዋል፣ የለቀመውን ስፒከሩ መልሶ ይተፋዋል፣ የተፋውን መርፌው መልሶ ይለቅመዋል፤ መጨረሻው ጩኸት ነው።

ፈዜ፦ ገባኝ። እንደ አክስታችን ወሬ ነው።

ሊቁ፦ በትክክል። የመጀመሪያ ጊዜህ ነው፤ እንኳን ደስ አለህ።

ፈዜ፦ ትራስ ላይስ?

ሊቁ፦ ያዘምማል።

ፈዜ፦ ወለሉን ጭራሽ እንዳይነካ ከጣሪያው በገመድ ብንሰቅለውስ?

ሊቁ፦ ዥዋዥዌ! የዘፋኙን ራስ ልታዞር ነው? ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ። ማጫወቻ የሚቀመጥበት ነገር ከባድና የማይነቃነቅ መሆን አለበት።

ፈዜ፦ (አስቦ) እማዬ ናታ።

ሊቁ፦ ምን?

ፈዜ፦ ከባድ፣ የማይነቃነቅ።

ሊቁ፦ (ሳቁ ያመልጠዋል) ይህቺን እንኳ አገኘሃት! ባለቤቴ ምን አለች መሰለህ? «እናትህ አንዴ ከተቀመጠች በክሬንም አትነሳም» አለች። ለዚህ እኮ ነው እኔ ቤት ገና እግሯ ሳይረግጥ የምደክመው።

ፈዜ፦ ቀስ ብለህ አውራ፣ ጋሼ። ከግድግዳው ወዲያ ናት።

ሊቁ፦ ዓይኗን ከድናለች አላልክም? በል እዚህ መደርደሪያ ላይ አድርገው።

(ፈዜ የክር ጥቅሎቹን ገፋ አድርጎ ማጫወቻውን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ሊቁ ውሃ ልኩን አጠገቡ አጋድሞ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል።)

ፈዜ፦ ምን ይላል?

ሊቁ፦ አረፋዋ መሐል መቆም ነበረባት። ጥግ ሄዳ ተለጥፋለች። ይህ መደርደሪያ ነው ወይስ መንሸራተቻ? ማን ነው የሠራው?

ፈዜ፦ አንተ። ለልደቴ።

ሊቁ፦ ቤቱ ነው የዘመመው። (ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ይሸጉጣል።) አሁን ልክ ነው። ሸክላውን አስገባ። ስፒከሩን አትክፈት፤ ጆሮህን ካስጠጋህ መርፌው ራሱ በቀጭኑ ይዘፍናል።

(ሸክላው ይዞራል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ።)

ፈዜ፦ ደስ ሲል! ትንኝ ይመስላል።

ሊቁ፦ አሁን እስከ ፍሪጁ ሄደህ ተመለስ።

(ፈዜ ይራመዳል። ጣውላው ይንቋቋል። መርፌው ይዘላል፤ ዘፈኑ አንዷን ቃል ደጋግሞ ይላታል።)

ሊቁ፦ አየህ? ወለልህ ከበሮ ነው። የስፌት መኪናህን ስትረግጠውማ ሸክላው መስኮት ዘልሎ ይወጣል።

ፈዜ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ሊቁ፦ ሥራ ስታቆም ታዳምጣለች።

ፈዜ፦ እማዬ የምታዳምጠው ቀን ነው።

ሊቁ፦ እንግዲያው ቀን አትስፋ።

ፈዜ፦ ማታ ልስፋ?

ሊቁ፦ ማታ ጎረቤት ይተኛል።

ፈዜ፦ ገባኝ። ሥራ ልቀይር።

ሊቁ፦ እናት እኮ አንድ ናት! (መስኮቱ ሥር የጭነት መኪና ያልፋል። መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ውሃ ልኩ ይወድቃል።) ኡፍ! መንገዱም አለብህ ለካ።

ፈዜ፦ ግድግዳው ላይ ብንሰቅለውስ? መደርደሪያውን በምስማር መትተን?

ሊቁ፦ የትኛው ግድግዳ? (ወደ መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ሄዶ በጣቱ ያንኳኳል።) ስማው። ዷ፣ ዷ። ባዶ! ይህ ግድግዳ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነው። መደርደሪያውን ልትሰቅል ሄደህ ግድግዳውን ይዘህ ትመለሳለህ።

ፈዜ፦ እኔ ወፍራም ይመስለኝ ነበር።

ሊቁ፦ ወፍራም! ይህ ሹክሹክታ ያሳልፋል። ከወዲያ ያለው ሰው ሲያዛጋ፣ ከወዲህ ያለው አፉን ይከፍታል!

ፈዜ፦ ሹክሹክታም?

ሊቁ፦ ሹክሹክታም! ሃያ ዓመት ግድግዳ ሳንኳኳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከእኔ ጋር አትከራከር።

ፈዜ፦ አይ፣ እማዬ እንቅልፍ ሲወስዳት ማንኮራፋቷ ይሰማኝ ነበር። አሁን ግን ዝም ብላለች፤ ለዚያ ነው።

ሊቁ፦ በዕድሜ ይቀንሳል።

ፈዜ፦ ታዲያ ደህና ግድግዳ ምን ዓይነት ነው? እኔ አይቼ አላውቅም።

ሊቁ፦ የእኔን አላየህም? ድንጋይ! በቡጢ ብትመታው እጅህ ነው የሚያዝነው።

ፈዜ፦ ግን ያንተ ቤት ይረጥባል አይደል?

ሊቁ፦ ማን አለ?

ፈዜ፦ አንተ። ለእማዬ «ግድግዳው ውሃ ያለቅሳል፤ ጉልበትሽን ያምሻል» ብለሃት አልነበር?

ሊቁ፦ እሱማ ለእማዬ የተባለ ነው! የእኔ ቤት? ብስኩት መሬት ላይ ጥለህ ከክረምት በኋላ ብትመለስ «ቋ» ብሎ ይሰበራል።

ፈዜ፦ ወለሉ ግን ተሰነጣጥቋል።

ሊቁ፦ ምን? እኔ ያስፈሰስኩት ሲሚንቶ? ምድር ቤት ነው፣ ከሥሩ ቋጥኝ አለ! ሠርግ ቢጨፈርበት መርፌዋ ንቅንቅ አትልም። ጭነት መኪና በዚያ አያልፍም፣ መንገዱ ዝግ ነው። ቡፌውንስ አይተኸዋል? አራት ሰው ተሸክሞት ገባ፣ ከዚያ ወዲህ የነቀነቀው የለም። ለማጫወቻ የተፈጠረ ነው!

ፈዜ፦ (ራሱን እያከከ) ቡፌው ይሁን። ግን እማዬ የት ትተኛለች? የእንግዳው ክፍል በዕቃ ታጭቋል ብለሃል።

ሊቁ፦ ባዶ ነው እንጂ! አልጋው ተነጥፎ እንግዳ ይጠብቃል። ባለቤቴ ካውያዋን እንኳ አላስገባችበትም። አንተ ደግሞ የነገሩህን ሁሉ ታምናለህ።

ፈዜ፦ ምን ላድርግ፣ ፈዛዛ ነኝ። እና ከዚህኛው ቤት ይሻላል ነው የምትለኝ?

ሊቁ፦ «ይሻላል» ይለኛል! በዚህ ከተማ ውስጥ ለሸክላ ማጫወቻ ከእኔ ቤት የተሻለ ቦታ ካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሊቁ ብላችሁ አትጥሩኝ!

ፈዜ፦ (ድምፁን ከፍ አድርጎ) ከሁሉም ያንተ ይበልጣል?

ሊቁ፦ (ከእሱም ከፍ አድርጎ) ከሁሉም!

(ከመኝታ ክፍሉ ወገን ግድግዳው በምርኩዝ ይመታል። ዷ፣ ዷ።)

ሊቁ፦ ምንድን ነው?

ፈዜ፦ እማዬ ናት።

ሊቁ፦ ተኝታለች አላልከኝም?

ፈዜ፦ ዓይኗን ከድናለች ነው ያልኩህ። ስለ ጆሮዋ መቼ ጠየቅኸኝ?

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ሰምታ ይሆን?

ፈዜ፦ የግድግዳ ሰው አንተ ነህ። እኔማ ወፍራም ይመስለኝ ነበር።

(በሩ ገርበብ ይላል። በምርኩዝ የተገፋ ሻንጣ ይወጣል። ከኋላው ሸክላ የታጨቀበት ካርቶን ይከተላል። በሩ መልሶ ይዘጋል።)

ሊቁ፦ ሻንጣዋን መቼ አሰናዳች?

ፈዜ፦ ዛሬ ጠዋት። «አንተ እየጠየቅህ አስወራው። የሚያውቅ መሆኑን ለማሳየት ሲል የማይናገረው የለም» አለችኝ። «ምን ብዬ ልጠይቀው?» ብላት፣ «የመጣልህን፤ ሞኝ መሆንህን እንደሆነ አይጠራጠርም» አለች።

ሊቁ፦ አንተ! የእናቴ ልጅ! (ድምፁን አለስልሶ) ፈዜ፣ ወንድም ዓለም፣ ና እስቲ እንነጋገር። ፍሪጁ ላይ እንሞክረው።

ፈዜ፦ «እምምም» ይላል እኮ።

ሊቁ፦ ይበላ! ለዘፈኑ ድምቀት ነው። ተቀባይ አላልክም?

(ምርኩዙ ግድግዳውን ደግሞ ይመታል፤ አሁን ጠንከር ብሎ።)

ሊቁ፦ መጣሁ፣ እማዬ! መጣሁ! (ወደ ፈዜ) ለባለቤቴ ምን ልበላት?

ፈዜ፦ ክሬን ተከራዪ በላት።

ሊቁ፦ እሺ፣ ይሁን። ማጫወቻውን እንኳ አንተ አውርድልኝ። ደረጃው ቁልቁል ነው።

ፈዜ፦ (ማጫወቻውን አንስቶ ክንዱ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ውሃ ልኩን ኪሱ ውስጥ ይሰካለታል) አይሆንም፣ ጋሼ። መሸከም ያለበት የሚያውቅ ሰው ነው።

(እናታቸው ምርኩዟን ይዛ ከመኝታ ክፍሉ ትወጣና ወደ ደረጃው ታመራለች። ፈዜ ትራሱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አንስቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማል። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ረጅም፣ የጠገበ ማዛጋት ይመጣል። ሊቁ ማጫወቻውን እንዳቀፈ፣ ሳይወድ በግዱ፣ አፉ ይከፈታል።)