በመቁጠሪያ የተቆጠሩ ዳክዬዎች

በእኛ አገር የማይቆጠር ነገር ብዙ ነው። ልጅ አይቆጠርም፤ ከብት አይቆጠርም። «ስንት ወለድሽ?» ቢሏችሁ «አላህ የሰጠኝን» ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ ቁጥር ከአፍ ከወጣ ዓይን ይከተለዋላ! እንግዲህ እንዲህ ባለ መንደር ወፍ ልቁጠር ብሎ የተነሳን ሰው ምን እንደምንለው አስቡት።

እኛ «ለየለት» አልነው።

ሰውየው ጋሼ ጀማል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ የሩቅ መነጽራቸውን አንጠልጥለው ሐይቁን ይዞራሉ። እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ትዳር የጠራኝ፣ ልብስ ሳጥብ ከዳክዬ በቀር የወሬ ጓደኛ የሌለኝ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ከደንገሉ ጀርባ ያሉትን ረስተዋቸዋል» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ረዳታቸው ሆንኩ። አሥሯን በደንብ ትቆጥሪያለሽ፤ ከዚያ አሥሯ በያዘችው ስፍራ ልክ ቀሪውን መንጋ በዓይንሽ ትለኪዋለሽ፤ ትምህርቱ ይኼው ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ግን አልወደዱትም። «አንቺ ልጅ፣ ቆጥራችሁ ቆጥራችሁ ልታስጨርሷቸው ነው! ወፉስ እናት የለውም?»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሸሸን፤ ተመለስን። ጥርም እንደ ልማዱ ደረሰ። ውሃው ዳር ግን ኬላ ቆሟል። በዚያ ሰሞን መነጽር ያንጠለጠለ ሰው «ወፍ ነው የማየው» ቢል ማን ያምነዋል? ጋሼ ጀማልን መለሷቸው። እንዲያ ተሰብረው አይቻቸው አላውቅም።

«ሌላው ዓመት ቢቀር ግድ የለኝም» አሉ። «ይኼኛው ከተዘለለ ግን፣ ተኩሱ ወፎቹን አባሯቸው እንደሁ በምን እናውቃለን?»

ልብስ የምታጥብን ሴት ደግሞ ማን ይከለክላል? ልጄን አዝዬ፣ ሳፋዬን ይዤ፣ የዱዓ መቁጠሪያዬን በእጄ ጠምጥሜ ወረድኩ። ለአሥር ወፍ አንድ ፍሬ። ውሸት እንዳይሆንብኝ በየፍሬው «ሱብሓነላህ» እላለሁ። ደግሞስ ያን ሁሉ ክንፍ አይቶ እንዲያ የማይል ማነው?

ቁጥሬ መሐል ላይ ሲደርስ የኬላው ጠባቂ መጣ። «እቴ፣ ልብሱን ትተሽ ውሃው ላይ ምን ታያለሽ?»

መቁጠሪያዬን ጨብጬ ሳፋዬ ላይ አጎነበስኩ። ይኼኔ አጠገቤ ጆንያ ያጥቡ የነበሩት እትዬ ዘሃራ ብድግ አሉ። «አንተ! ዚክር ላይ ያለችን ሴት ታናግራለህ? ቁጥሯን ብታስታት በማን አንገት ነው?»

ጠባቂው አቀረቀረ። «አፉ በይኝ፤ ለእኛም ዱዓ አድርጊ» ብሎ ሄደ።

ቁጥሬን ጨርሼ ወደ ቤት ስንመለስ ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ጆሯቸውን ያዙ። «ቁጥሩን እንዳትነግሪኝ!» ጥቂት እንደሄድን ግን ዝግ ብለው፣ «ይልቅ… አነሱ እንዴ?» አሉኝ።

«አላነሱም፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

ማታውኑ ጋሼ ጀማል በየዓመቱ የሚሞሉትን የወፍ ቆጠራ ቅጽ ሞሉ። መጨረሻው ላይ «የቆጣሪዎች ብዛት» ይላል። ከውሃው ዳር አልደረስኩም ብለው ራሳቸውን አላስገቡም። እኔን ቆጠሩ፤ የኬላውን ነገር ስነግራቸው ሳቁና አንድ ጨመሩ። ሁለት።

እትዬ ዘሃራ መቆጠራቸውን እስከ ዛሬ አያውቁም።