የዳማ ኮታ

ስለ ፋንድያ ላወራችሁ ነው። ምግብ ላይ ከሆናችሁ ጨርሳችሁ ኑ፤ እኔ የትም አልሄድም።

ናዝሬትን በደርግ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ጋሪዋን ያውቃል። መኪና አልነበረም ማለቴ አይደለም። ግን አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚት ወደሚውጠው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ደፍሮ የሚገባው ፈረስ ብቻ ነበር። እኔ ያኔ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ጋሽ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ፈረሱ ዳማ ይባላል። ዳማ አርጅቷል። ዳገት ሲያይ ቆም ብሎ ያስባል። ያኔ ጋሽ ሰይድ ይወርድና "አብሽር ዳማ፣ አብሽር!" ይለዋል። እኔም አፍሬ እወርዳለሁ። ሦስታችንም ዳገቱን በእግራችን እንወጣዋለን።

አንድ ሰሞን ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና ቀበሌያችን ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ የጋሪ ፈረስ ከጅራቱ ሥር ጆንያ ይታሰርለታል አሉ። አስፋልት ላይ ፋንድያ የጣለ ፈረስ ባለቤት የጋሪውን ታርጋ ያስረክባል። ታርጋ የሌለው ጋሪ ሰው አይጭንም፤ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ስድስት ልጆች አሉት። "ተቃውሞ ያለው?" ተባለ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር የዱሮ ሰዎች። ንጉሡ ወርደዋል። ሊቀመንበሩ ግን ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። አጨበጨብን።

ፈረሶቹ ግን ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ዳማ ጆንያው ሲታሰርለት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲፈታለት ሄደ። ደግመው ሲያስሩለት ደግሞ ቆመ። ጋሽ ሰይድ ለመነው፣ ቆጣው፣ በነቢዩ ስም አስማለው። ወይ ፍንክች!

ታዲያ ምን ተደረገ? ቀበሌው ተቆጣጣሪ መደበ። ተቆጣጣሪው መኪና የለውም። ከተማውን በምን ይዙር? በጋሪ ነዋ! እሱን የጫነው ባለጋሪ ጅራፉን ሁለት ጊዜ ያጮኸዋል፤ ያኔ እስከ ገበያው ድረስ ያለ ጆንያ ሁሉ ጅራት ሥር ይገባል። ሲያልፍ ይወጣል። ተቆጣጣሪው መመሪያው ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል ብሎ ሪፖርት ጻፈ። አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው። እንግዳውም በተባለው ቀን መጥተው የመኪናቸውን መስኮት እንኳ ሳይከፍቱ ወደ አሰላ አለፉ።

እዚህ ላይ አማንን ላስተዋውቃችሁ። አማን የጋሽ ሰይድ ሚስት የዘይነባ ወንድም ነው፤ የአርሲ ነገሌ ገበሬ። ያኔ ገበሬ ለመንግሥት የሚያስገባው የእህል ኮታ ነበረበት። ማሳው ሰጠም አልሰጠም ኮታው ኮታ ነው። አማን የጎደለውን ከገበያ ገዝቶ ያስገባ ነበር፤ ገበሬው ሰውዬ፣ ስንዴ ገዝቶ! ናዝሬት በመጣ ቁጥር ጋሽ ሰይድ ይስቅበታል። "የሌለህን አምጣ ሲሉህ ገዝተህ ትሰጣለህ? ወላሂ አንተስ ሞኝ ነህ!" ይለዋል። አማን መልስ አይሰጥም። ሻዩን እየጠጣ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ በኋላ ታስፈልገናለች፣ ያዙልኝ።

እንግዳው ካለፉ በኋላ መመሪያውም አብሮ የሚያልፍ መስሎን ነበር። አላለፈም። ለይምሰል የተሰበሰበችው ጥቂት ፋንድያ የቀበሌው ችግኝ ጣቢያ ተደፍታ ኖሮ ችግኙ ተንዠረገገ። ሊቀመንበሩ አዩ፤ ተደሰቱ። መደሰታቸው ነው ያጠፋን። እያንዳንዱ ፈረስ በሳምንት አንድ ሙሉ ጆንያ ፋንድያ ያስገባል ተባለ። ሦስት ሳምንት ያጎደለ ታርጋውን ያስረክባል።

ያኔ ናዝሬትን ባያችሁ! ትናንት ፋንድያ ጥሎ የሚሸሽ ባለጋሪ ሁሉ ዛሬ አካፋ ይዞ የሰው ፈረስ ይከተላል። "የኔ ፈረስ ነው የጣለው!" "በምን አወቅህ?" ሁለት ሰዎች ተያይዘው ፖሊስ ጣቢያ ደረሱ። መንገዱ እንደዚያን ጊዜ ጸድቶ አያውቅም።

ዳማ ግን ዳማ ነው። ጥርሱ አልቋል፣ ገለባው ተወድዷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ቢያምጥ ግማሽ ጆንያ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጎደለ፤ ማስጠንቀቂያ። ሁለተኛውም ጎደለ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ጋሽ ሰይድ ከሥራ በኋላ ከተማውን መዞር ጀመረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው፤ ሌላው ቀድሞ ጠርጎታል። አንድ ጠዋት ዳገቱ ሥር ቆመንና፣ "መምህር፣ ታርጋዋን ከወሰዷት እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?" አለኝ። ዳማን "አብሽር" ማለቱንም ረሳ። አንጀቴን በላኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ምን ላዋጣለት እችላለሁ?

በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ፣ ያ ሁሉ ሳቅ እያሳፈረው፣ በእህል ጫኝ ሹፌር በኩል ለአማን መልእክት ላከ።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አማን ከጭነት መኪና ላይ ሁለት ሙሉ ጆንያ አወረደ። ዘይነባ ስንዴ መስሏት እልል ልትል ነበር። አማን እንደነገረን ጉዱ ኬላው ላይ ነው። ያኔ እህል ያለፈቃድ ከቦታ ቦታ አይንቀሳቀስም። የኬላው ጠባቂ ጆንያዎቹን አየና ምንድነው አለ። ፋንድያ ነው አለው አማን። ጠባቂው ሳቀ። ከአርሲ ነገሌ ናዝሬት ድረስ ፋንድያ የሚጭን ሰው አለ? ሥሩ ስንዴ ነው! ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ምንም። ሁለተኛውን እስከ ብብቱ ከተተ። ምንም። እጁን አውጥቶ ትንሽ አሰበና፣ "ለመሆኑ የፋንድያ ፈቃድ አለህ?" አለው።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ የዳማን ግማሽና የአማንን ሁለት ጆንያ ጋሪው ላይ ጭኖ ችግኝ ጣቢያ ገባ። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ዳገቱን ከኋላ ገፍቻለሁ። ታርጋዋ ተረፈች! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሊቀመንበሩ ግን ፋንድያ ሊያስረክቡ በመጡት ባለጋሪዎች መሀል ጋሽ ሰይድን አቁመው ደረቱ ላይ ቀይ ሪባን ለጠፉለት። ይህ አዛውንት ፈረስ ይህን ያህል ከቻለ ወጣቶቹ ፈረሶች ምን ይሳናቸዋል? ብለው ጠየቁ። "ምንም!" ብለው ራሳቸው መለሱ። ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የሁሉም ኮታ ሁለት ጆንያ ሆነ። አጨበጨብን። ባለጋሪዎቹ ግን እያጨበጨቡ የሚያዩት ጋሽ ሰይድን ነበር።

ቤት ስንደርስ ሪባኑን ነቅሎ የዳማ ልጓም ላይ አሰረው። ያለውን ብቻ የሰጠ እሱ ነው፣ ለእሱ ይገባዋል አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የሆነውን ለአማን ነገረው።

አማን ሻዩን ፉት አለ። "እኛም አገር እንዲሁ ነው የጀመረው። አንዱ እንዳያንሰው ፈርቶ ተበደረና ከኮታው በላይ አስገባ። ሪባን ሰጡት። በነጋታው የሁላችንም ኮታ ጨመረ። እስከ ዛሬ ጎረቤት በቅጡ ሰላም አይለውም።"

"ምን ዓይነት ሞኝ ነው!" አለ ጋሽ ሰይድ ጭኑን እየመታ። "ማነው እሱ?"

አማን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እኔ ነኛ!"