አፈሙዙ ስንት ይሁን?

አጎቴ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ፌርማታ ይቆማሉ፤ አውቶቡስ ግን አይሳፈሩም። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ የሚሄዱበት የለም። ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ ይቃኙና ፊቱ ገር የሆነ፣ ማምለጫ የሌለው ሰው መርጠው ከጎኑ ይቆማሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር ላማክርህ» ይላሉ።

ምክር ጠያቂ የሌለበት ቤተሰብ የለም። ዘመድ ባይሆን ጎረቤት፣ ጎረቤት ባይሆን የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይሆናል። ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት፣ ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት፣ ልጁን ከመዳሩ በፊት ያገኘውን ሁሉ ያማክራል። ሁሉንም ይሰማል፤ የማንንም አያደርግም። ክቡር አጎቴ የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር ናቸው። ሐሳብ የሰጣቸው ሰው ትንሽ ገፋ ካደረገ ቆጣ ብለው «ላማክርህ ብዬ እንጂ እኔማ ወስኛለሁ» ይሉታል።

ዘንድሮ የሚያማክሩት ስለ ጠመንጃ ነው። ባሩዱንና የእርሳስ አረሩን በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ፣ እንደ ጥንቱ በእጅ የሚሠራ ጠመንጃ አዘዋል። አባል የሆኑበት የተኩስ ክበብ በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ከመብሳት ሌላ ዓላማ የለውም። የሰደፉ እንጨት ተመርጧል፣ ምላጩም አልቋል። የቀረው አፈሙዙ ስንት ሴንቲሜትር ላይ ይቆረጥ የሚለው ብቻ ነው። እሱ ብቻ አሥራ አንድ ወር ፈጅቷል።

ጠመንጃ ሠሪው ሽማግሌ ነገሩን እንዲህ ያስረዳሉ። ረጅም አፈሙዝ ወደ ፊት ስለሚከብድ እጅ ላይ ይረጋል፤ ማነጣጠሪያውም ከዓይን ስለሚርቅ ስህተትን ቶሎ ያሳብቃል። ነገር ግን የሚያጎርሰው ሰው ሰደፉን መሬት አስደግፎ ባሩዱን ከላይ የሚጨምር ስለሆነ አፈሙዙ ከአገጩ መብለጥ የለበትም። አለዚያ ፊቱን ከባሩዱ ፊት ደቅኖ ይሠራል። የአጎቴ አገጭ ደግሞ፣ እግዜር ያክብራቸውና፣ ከበር እጀታ ብዙም አይርቅም። ሆኖም ሰማንያ አንድ ሲባሉ መቶ ሰባት፣ መቶ ሰባት ሲባሉ ሰማንያ አንድ ይላሉ።

የጥርስ ሐኪሜን አፌ ውስጥ መሣሪያ እንደያዘ አማከሩት። እጁ ለደቂቃ ያህል አየር ላይ ቀረ። ለቅሶ ቤት ገብተው አባቱ የሞተበትን ሰው አማከሩ፤ ሰውየው ደንግጦ ማልቀሱን ተወና ዘጠና አምስት አላቸው። ባንክ ውስጥ ተሰልፈው ከፊታቸው የቆመችውን ሴት «ጠመንጃው ቢያጥር ይሻላል ወይስ ቢረዝም?» ብለው ሲጠይቋት ሴትዮዋ ሰልፉን ጥላ ወጣች፣ ዘበኛው በሩን ቆለፈ፣ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደርሼ ሳስለቅቃቸው ዘበኛው አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ መቶ ሰባት ጥቅም ያብራራ ነበር። «ላማክርህ ብዬ እንጂ…» ሲሉት ሰማሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠመንጃ ሠሪው ደወሉልኝ። በወሩ መጨረሻ ሱቁን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው። ከእሳቸው በቀር ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አናውቅም። አጎቴ እስከ ዓርብ ካልወሰኑ የአፈሙዙን ብረት ለሌላ ደንበኛ እንደሚሰጡት፣ ጠመንጃውም በዚያው እንደሚቀር ነገሩኝ። ዓርብ ዕለት አጎቴን ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ ሦስት ሰው አማከሩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ የሞረድ ብናኝና የተልባ ዘይት ይሸታል። ያልተቆረጠው ብረት ሞርሳ በሚባለው መቆንጠጫ ላይ ታስሯል። ሽማግሌው አጎቴን ሰላም ብለው ካበቁ በኋላ ሜትራቸውን አውጥተው ወደ እኔ መጡ።

«ቀኝ ክንድሽን ዘርጊ፣ ልጄ።»

ዘረጋሁ። ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ለኩና አፈሙዙ ገና ያልተገጠመለት ጠመንጃ አሸከሙኝ። በር በኃይል ሲዘጋ የምዘል ሰው ነኝ፤ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ ጠመንጃ የማን ነው?» አልኩ።

አጎቴ ሞርሳውን ያዩ ነበር። «ያንቺ ነው» አሉ።

እሳቸው ዓይናቸውን ከሞርሳው ሳያነሱ ተናገሩ። የቀኝ ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙም አይመለስም ብሏቸዋል። አሁን የወረቀቱን ክብ ሁለት አድርገው ነው የሚያዩት። ክበቡ ዓይኑ የደከመ አባል ከዘመዱ ጋር እንዲሰለፍ ይፈቅዳል፤ አባሉ ያጎርሳል፣ ዘመዱ ይተኩሳል። ከዘመድ ሁሉ እጇ የማይንቀጠቀጥ እኔ ብቻ ስለሆንኩ እኔን መርጠዋል። ለረጅሙ ክንዴ የሚስማማው መቶ ሰባት ነው፤ ለእሳቸው አገጭ እንደ ልብ የሚመቸው ግን ሰማንያ አንድ። አገር ምድሩን ሲያማክሩ እኔን ያልጠየቁኝ፣ ብጠየቅ የዓይናቸው ነገር ስለሚወጣ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ባንክና ለቅሶ ቤት ያሸበሩት የእኔ ክንድ እንዳይባክን ብለው ነበር።

ጠመንጃውን እንደ ሕፃን አቅፌ ቆምኩ። ከዚያ ሽማግሌውን ቢበዛ እስከ ስንት ቢረዝም ከአጎቴ አገጭ ሥር እንደሚቀር ጠየቅኋቸው። ዘጠና አንድ አሉኝ።

«ዘጠና አንድ ይሁን» አልኩ።

«ላንቺ ያጥርብሻል» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ መተኮስ አላውቅም፤ ቢረዝምም ቢያጥርም አንድ ነው። እሳቸው ግን ማጎረስ ያውቃሉ።»

አጎቴ ተቆጡ። መቶ ሰባት ነው፣ ወስኛለሁ፣ ሳጎርስ በርጩማ ላይ እቆማለሁ አሉ።

«ባሩድ ይዘው በርጩማ ላይ?»

«እኔ አላማከርኩሽም።»

«አላማከሩኝም» አልኩ። «ጠመንጃው ግን ያንቺ ነው ብለውኛል።»

ሽማግሌው ጠመኔ አነሡና ዘጠና አንድ ላይ አሰመሩ። አጎቴ መስመሩን ዓይናቸውን ሊያስነኩት ምንም እስከማይቀራቸው ድረስ ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸውም ዳሰሱት። የሚያማክሩት ሰው ፈልገው ዙሪያውን ይቃኛሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቃኙም። «እንግዲህ ጻፈው» አሏቸው ሽማግሌውን።

ብረቱ ሰኞ ይቆረጣል። እስኪያልቅ ድረስ በክበቡ ጠመንጃ እለማመዳለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።