ዓቃቤ ፊልም የራሰውን ጥቅል ያደረቀበት ዜና

በዘመነ ማቀዝቀዣ በሦስተኛው ዓመት፣ የአምስተኛው ፎቅ ፀጉር አስተካካይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባስገባ በመንፈቁ፣ ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ያለውን ዘመን ግን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ባልተገኘበት ወራት፣ በአራተኛው ፎቅ በግራ በኩል ባለው ቤት ነግሦ ስለነበረው ስለ ኃያሉ መነጽር ሠሪ፣ ስመ መንግሥቱም ዓቃቤ ፊልም ስለተባለው፣ የሠራውን ጀብዱ እንጽፋለን፤ ያየነውን እንዳየነው፣ ያላየነውንም ደረጃ ጠራጊዋን ጠይቀን።

ይህ ዓቃቤ ፊልም ቀን ቀን በመነጽር ቤቱ ተቀምጦ ለአንዱ ሩቁን፣ ለአንዱ ቅርቡን ሲያሳይ ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ ግን ለማንም የማያሳየው ሀብት ነበረው፤ ይኸውም የጥንት ፊልም ነው። ሲኒማ ቤት ሊዘጋ ነው ሲባል ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያዝን፣ ከሁሉም ቀድሞ መጋዘኑ በር ላይ የሚገኝ እርሱ ነበር። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጣሳውን ብቻ ፈልጎ ውስጡን ሊደፋ ሲል ከእጁ ነጠቀ፤ ጡረታ የወጣውን የፊልም አጫዋች ሳምንት በሳምንት እየጠየቀ፣ የወገቡን ሕመም ከሥሩ እስከ ጫፉ እያዳመጠ፣ አልጋ ሥር የተደበቁትን ጥቅሎች አንድ በአንድ ማረከ። የማረካቸውንም ፀሐይ በማይደርስበት ክፍል ደርድሮ፣ በነጭ ጓንት እየዳሰሰ፣ ኮምጣጤ የሸተተ ጥቅል መታመሙ ነውና ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን እያስጠጋ፣ ለአንዱ ክዳን እየቀየረ፣ ለሌላው የተበጠሰ እየቀጠለ፣ እንደ አራስ ቤት ልጅ አሳደጋቸው።

ነገር ግን በግዛቱ አንድ ጽኑ ሕግ ነበር፤ አዋጁም ይህ ነው፦ «ማንም እንዳይነካ! ማንም አሳየኝ እንዳይለኝ! ፊልም የፕሮጀክተር ጥርስ በነካው ቁጥር ይጫራል፤ የተጫረ ደግሞ ዶክተር የለውም። እንግዳ ከመጣ ቆርቆሮውን ከሩቅ ይይ፣ ይበቃዋል!»

የቤቱ እቴጌ ሚስቱም ከማድ ቤት ሆና በአንጻሩ እንዲህ ስትል ታውጅ ነበር፦ «ኧረ በሞቴ! የማይታይ ፊልም ከመስፊያ ክር በምን ይሻላል? ክር እንኳ ቁልፍ ይተክላል!» አዋጇ ግን ኮሪደሩን ሳያልፍ ይቀር ነበር።

ከጥቅሎቹም ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ነበረች፤ ድምፅ የሌላት፣ ጥቁርና ነጭ፣ በሦስት ቆርቆሮ የተከፈለች፣ ርእሷ ከመግቢያው ላይ ተቀድዶ ስለጠፋ ስሟን እንኳ የሚያውቅ የሌለ። አቻዋን በሀገር ሁሉ ቢያፈላልግ አላገኘም። ስለዚህ ንግሥት ብሎ ሰየማት፤ በሌላው ላይ አንድ ጊዜ ቢጠነቀቅ በእርሷ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠነቀቀ።

ወእምዝ በአንዲት ቅዳሜ፣ እቴጌይቱ ሳምንት ልትሰነብት የምትመጣ እናቷን ስትጠብቅ፣ የአምስተኛው ፎቅ ማጠቢያ ማሽን ቱቦውን በጥሶ ዐመፀ። ሠራዊተ ሳሙናም በጣሪያው ስንጥቅ ወርዶ መደርደሪያውን ከበበ። ሌሎቹ ቆርቆሮዎች አንድ ጠብታ ሳያሳልፉ ተከላከሉ፤ የንግሥቲቱ ሦስተኛ ቆርቆሮ ግን ክዳኑ ዝጎ ነበርና እጁን ሰጠ። ዓቃቤ ፊልም በከፈተው ጊዜ አረፋ እየተንተከተከ ወጣ፤ የእርሱም ልብ አብራ ወጣች።

ጥበብ ግን አልተለየችውም። የራሰ ፊልም እንደተጠቀለለ ከደረቀ እርስ በርሱ ተጣብቆ ግንድ እንደሚሆን ያውቃልና፣ ፈጥኖ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ በሳፋ ነከረው። ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መዳኛ አልነበረም፤ ከውኃው ወጥቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ፣ በነፋስ መድረቅ አለበት። በውጭ አቧራ አለ። ቤቱ አይበቃም። ግድግዳ ወይም ብረት ቢነካው ደግሞ ሥዕሉ እንደ ድንች ልጣጭ ይገፈፋል። የሚበቃው ከአራተኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚጠመዘዘው ደረጃ ብቻ ነው፤ በደረጃውም ላይ በአየር የሚይዘው እጅ ያስፈልጋል፤ እጅ ያለው ደግሞ ጎረቤት ነው። ዓቃቤ ፊልም በሳፋው አጠገብ ተንበርክኮ ስለ ጎረቤት እጅ አሰበ፦ ቅባቱን አሰበ፣ ጥፍሩን አሰበ፣ ያንን ሁሉ የሚላስ ጣት አሰበ። ውኃው ግን አይጠብቅም ነበር። ወጥቶም ከደረጃው ራስ ላይ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«እናንተ የዚህ ደረጃ ሰዎች! እስከ ዛሬ አንገቴን ደፍቼ ሳላናግራችሁ ያለፍኩት በክፋት አይደለም፣ አመሌ ነው፣ ተዉልኝ! እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ውጡ! ቅባት የተቀባ ደግሞ ይታጠብ! ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ መሐሉን የነካ ከእኔ ጋር ተቆራረጠ! ደግሞ... አደራ!»

አደራ የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ሲወጣ ያ ዕለት የመጀመሪያው ነበር፤ ደረጃው ሁሉ ሰማ።

ለዘመቻውም የተከተሉት እነዚህ ናቸው፦ ከአራተኛው እቴጌይቱ ራሷ፣ «ተመስገን፣ ልነካው ነው!» ብላ እያወጀች፤ ከአምስተኛው ወርዶ ሊቀ መቀስ ፀጉር አስተካካዩ፣ በማሽኑ ኃጢአት ራሱን ደፍቶ፣ እጁ ግን ከሁሉ የማይንቀጠቀጥ፤ ከሦስተኛው ሁለቱ እኅትማማች ነርሶች፣ የሐኪም ጓንት አጥልቀው፤ ከእነርሱም በታች ሊቀ ፊሽካ፣ ጡረተኛው የእግር ኳስ ዳኛ፣ የተዛነፈውን ሁሉ በፊሽካ የሚቀጣ፤ ከሁለተኛው የመንጃ አስተማሪው፣ በሕልሙም «ፍሬን! ፍሬን!» የሚለው፤ ከአንደኛው ልብስ ሰፊዋ፣ ነፍሰ ጡር ብትሆንም ቁሚ አትቁሚ ሳትባል የቆመች፤ በምድር ቤትም የግንባሩ አዝማች ዘበኛው። ጥቅሉ መጨረሻው ከውጭ ነበርና መጨረሻው ቀድሞ ወረደ፤ የታሪኩም መደምደሚያ በዘበኛው እጅ ገባ።

በየፎቁ መስኮት ነበርና፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ቁራጭ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ። ያን ጊዜ አዋጅ በአዋጅ ላይ ተነሣ። ነርሶቹ፦ «ስሙ! ሴትዮዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ ታለቅሳለች!» የመንጃ አስተማሪው፦ «እዚህ ደግሞ አንድ ሰውዬ ሻንጣውን ጥሎ ወደ እርሷ ይሮጣል፤ ቀስ በል አንተ!» ልብስ ሰፊዋ፦ «ባለ ጢም መሐላቸው ገባ! ጉዳችን ፈላ!» ሊቀ ፊሽካም ፊሽካውን ነፍቶ፦ «ሌባ ነው! ፊቱን ባላየውም አውቄዋለሁ! ቀይ ካርድ!» ልብስ ሰፊዋ መልሳ፦ «ዝም በል አንተ፣ ባሏ ቢሆንስ?» ከላይ ሆኖ ዓቃቤ ፊልም «ጠርዙን! ጠርዙን!» ሲያውጅ የሚሰማው አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም መሐሉን አልነካም።

በዚህ መካከል የጋዝ መኪና መጥቶ በሩ እንዲከፈትለት ጥሩምባ ይነፋ ጀመር። ዘበኛውም ሁለት እጁ ተይዞ ሲጨነቅ፣ የእቴጌይቱ እናት ከአውቶቡስ ወርደው ቦርሳቸውን ይዘው ደረሱ። የዘበኛው ልብ አረፈ፤ የፊልሙን ጫፍ አስጨብጧቸው ወደ መኪናው ሮጠ። አዋጁ ሲታወጅ እሳቸው ገና በመንገድ ነበሩና ሕጉን አልሰሙም። ወይዘሮዋም በዘበኛው ወንበር ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ሥዕሉን አንድ በአንድ በበሩ ብርሃን አዩት። አይተውም ሲጨርሱ፣ በንጽሕናቸው የተመሰከረላቸው ነበሩና፣ እጃቸው ላይ የሚያሙለጨልጨውን ነገር ጠልተው መሐረባቸውን አወጡ።

ወእምድኅረዝ ፊልሙ ደረቀ። ዓቃቤ ፊልም እየጠቀለለ ወረደ፤ ያለፈው ፎቅ ሰው ሁሉ ከኋላው እየተከተለ፣ ሰልፉም እየረዘመ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሥዕሉ ደህና ነበር፤ ፊቱም ደረጃ በደረጃ እየበራ መጣ። ምድር ቤት በደረሰ ጊዜ ግን አማቱን አየ፤ በእጃቸውም እንደ መስኮት መስተዋት የጠራ፣ አንዳች ጥላ የሌለበት ረጅም ላስቲክ አየ፤ በጭናቸውም ላይ የጠቆረ መሐረብ።

እሳቸውም በደስታ አወጁ፦ «ልጄ፣ ዕቃህ እንዴት ቆሽሿል! ይኸው፣ አጠራሁልህ!»

ሊቀ ፊሽካ እንኳ ፊሽካውን ከአፉ አወረደ። ዓቃቤ ፊልም ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን አማት ናቸው፤ ከአፉም የወጣው አዋጅ ይህ ብቻ ሆነ፦ «እንኳን ደህና መጡ!» ታሪክ ጸሐፊዎች ከሠራቸው ጀብዱዎች ሁሉ ይህን ያስቀድማሉ።

ሠራዊቱ ግን ወደ ቤቱ አልተበተነም። «እጃችን እስኪዝል ይዘን፣ ጅራቱን አይተን አንቀርም! ከራሱ ጀምረህ አሳየን!» ብለው በአንድ ድምፅ አወጁ። እርሱም ሰበብ ቢፈልግ አላገኘም። በማግስቱ እሑድ ከምሳ በኋላ መጋረጃው ተዘጋ፤ ነጭ አንሶላ በግድግዳ ተወጠረ፤ ሕዝቡም ወንበር ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ። ንግሥቲቱ ተገለጠች። ሁለቱ ጥቅሎች በሰላም አለፉ፤ ሦስተኛውም ገባ፤ ሴትዮዋ አለቀሰች፣ ሰውዬው ሮጠ፣ ባለ ጢሙ በመካከል ገብቶ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከዚያም አንሶላው ነጭ ሆነ፤ ነጭ ሆኖም ቀረ።

ሁሉም ወደ ዓቃቤ ፊልም ዞረ። ባለቤቱ ነውና ያውቃል፤ ይንገረን አሉ። እርሱም በነጩ ብርሃን ፊት ቆሞ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ የዘመነ መንግሥቱን ከባዱን አዋጅ አወጀ፦ «እኔም አላየሁትም። እንዳይጫርብኝ ብዬ አንድም ቀን አጫውቼው አላውቅም።»

ቀጥሎም እቴጌይቱ በሳቅ ፈነዳች፣ ቤቱም ተከተላት፤ እርሱ ግን እንደ ቆመ ነበር፤ የሚወዳትን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያያት መጨረሻዋ አምልጦታልና። ይህን ጊዜ አማቱ ከሶፋው ላይ አወጁ፦ «ምን ያስጮኻችኋል? እኔ አይቼዋለሁ እኮ! ሳላይ እጠርጋለሁ እንዴ?»

እሳቸውም ነገሩ፦ ባለ ጢሙ ሌባም ባልም አይደለም፤ ወንድሟ ነው፤ ከኪሱ ያወጣው ብርቱካን ነው። እርሱን ሲልጡ ባቡሩ ሄደባቸው፤ ሦስቱም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው በሉ፤ ቀጣዩን ባቡር የጠበቀ የለም። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ሊቀ ፊሽካ ቀይ ካርዱን ሻረ። ዓቃቤ ፊልምም መነጽሩን ሲጠርግ ታየ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሳምንት የመጡት ወይዘሮ አልሄዱም። ዓቃቤ ፊልም ቆርቆሮዎቹን ወደ ኮሪደር አውጥቶ ነፋሻውን ክፍል ለእሳቸው ሰጠ፤ ጠዋት ጠዋት «ሞቀዎት እንዴ? እርጥበት አለ?» እያለ ይጠይቃል፤ የሚያስቆጣቸውን ሰው ከደጅ ይመልሳል። እሑድ እሑድ ንግሥቲቱ ትታያለች፤ አንሶላው ነጭ ሲሆን እሳቸው ይቀጥላሉ። በአራተኛው እሑድ አንዲት ውሻ ገባች፤ በስድስተኛው ባለ ጢሙ አገባ። ዓቃቤ ፊልም አንድም ቃል አላረመም፤ ቢያርምስ በምን ዓይኑ?

ቆርቆሮ የማረኩ ብዙዎች ናቸው፤ ፊልም ያደረቁም አይጠፉም፤ ነገር ግን የፊልሙ መጨረሻ ቢጠፋበት አማቱን በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጦ፣ ከጭረት ጠብቆ፣ በየሳምንቱ ለሕዝብ ያሳየ ኃያል ከእርሱ በፊት በየትኛውም ፎቅ አልተነሣም።